ጊታር በ40

40 ዓመት ሲሞላኝ ጊታር ገዛሁ። በጉርምስናዬ የከለከለኝ ገንዘብ ነበር፤ አሁን የሚከለክለኝ ወገቤ ነው።

አስተማሪዬ ዩቲዩብ ላይ ያገኘሁት፣ ፈገግታው የማይጠፋ ፈረንጅ ነው። «በ10 ደቂቃ ጊታር ይጫወቱ» ይላል። አሥሩ ደቂቃ ይኸው ስምንተኛ ወሩን ይዟል። ጂ፣ ሲ እና ዲ ከሚባሉት ኮርዶች ጋር ሰላምታ ጀምረናል። ኤፍ ግን ወግ ባለው አያያዝ አመልካች ጣት ብቻዋን ስድስቱንም ክር ጨፍልቃ እንድትይዝ ይፈልጋል። የኔዋ ጣት ደግሞ ዕድሜዋን ቢሮ ውስጥ ማኅተም ስትመታ የኖረች ናት፤ ያለ ትርፍ ሰዓት ክፍያ እንዲህ ያለውን ሥራ አትነካም።

የመምህሬ ትዕግሥት ያስቀናል። ስሳሳት «በጣም ጥሩ!» ይለኛል። ስልኩን አስቀምጬ ቡና ልጠጣ ስነሳም «በጣም ጥሩ!» ይለኛል።

ልምምዱ ሲያቅተኝ ዕቃ እገዛለሁ። ካፖ አለኝ፣ መቃኛ አለኝ፣ ማንገቻው ቆዳ ነው። ዘፈን ብቻ ነው የጎደለኝ። ለነገሩ ትዝታ የሚፈልገው አምስት ድምፅ ነው፤ ክራር ደርዳሪዎቻችን በአምስትና በስድስት ክር ስንቱን አስለቅሰዋል! እኔም በስድስት ክር ጎረቤቶቼን ለማስለቀስ ተቃርቤያለሁ፤ ትዝታ ግን የለበትም።

ትናንት ማታ የትዝታን መግቢያ ከአንጀቴ ስጫወት ባለቤቴ ከጓዳ ብቅ አለች።

«ውዴ፣ ቃኝተህ ስትጨርስ እራት ቀርቧል።»

«ልጨርስ ነው» አልኳት።