በኤልደስትና በኦልደስት መካከል ስላለው የቤተሰብ ጉዳይ

የዚህ ጥናት መነሻ በእንግሊዝኛ ክፍሎቻችን በዜማ የሚሸመደደው «ጉድ፣ ቤተር፣ ቤስት» ነው። ከጉድ የሚጀምር ትምህርት ጉድ ሳያሳይ እንደማይቀር ተማሪዎች ሊጠረጥሩ ይገባ ነበር። ፈተና ደርሶባቸው ስለነበር አልጠረጠሩም።

አማርኛ አንዱን ከሌላው ሁሉ ማስበለጥ ሲፈልግ «ከሁሉ» ይላል፤ ነገሩ ያልቃል። ግርማ ካስፈለገም ግእዝ «ንጉሠ ነገሥት» የሚለውን አዘጋጅቶ አስቀምጧል። እንግሊዝኛ ደግሞ ከቃሉ ጫፍ ላይ «ኢስት» ይቀጥላል። በዚህ ቢያበቃ ጥናት ባላስፈለገ። ችግሩ አንዳንዱ ቃል መንታ መውለዱ ነው።

ኤልደስትና ኦልደስት ሁለቱም በዕድሜ ከሁሉ የሚበልጠውን ይጠራሉ። ኤልደስት ግን ከቤተሰብ ግቢ ብዙም አይወጣም፤ ለበኩር ልጅ ይሆናል፣ ለከተማው አሮጌ ሕንጻ አይሆንም። ዘመዱ ኤልደር ደግሞ «ዘን» የምትባለውን ቃል አያስጠጋም። «ማይ ኤልደር ብራዘር» ያለ ተማሪ ያልፋል፤ «ኤልደር ዘን ሚ» ያለው በቀይ ይሰመርበታል። በዚህ ቃል ታላቅ ወንድም ታላቅ መሆኑ ታውቋል፤ ከማን እንደሚበልጥ መናገር ግን ክልክል ነው። (ታናሾች ይህን አንቀጽ ቆርጠው ቢያስቀምጡት አይከፋንም።)

ፋርዘስትና ፈርዘስት በእኛ ፊደል የሚለያዩት ግእዝና ራብዕ በመሆን ብቻ ነው። ደንቡ ለሚለካ ርቀት ፋርዘስት፣ ለማይለካው ፈርዘስት ይላል። ፋውለር የተባለው የእንግሊዝኛ አጠቃቀም ሊቅ በ1926 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መዝገቡ፣ ሁለቱን ለይቶ የሚጠቀም ሰው የለም ማለት ይቻላል፣ አብዛኛው አንዱን መርጦ ለሁሉም ይገለገልበታል ብሎ መስክሯል። ደንቡን የሚያከብሩት እንግዲህ ተፈታኞች ናቸው።

ጥናቱ በእጅጉ የደነገጠው ኒር ላይ ሲደርስ ነው። ኒር በጥንቱ እንግሊዝኛ ራሱ «ይበልጥ ቅርብ» ማለት ነበር፤ ከሁሉ ቅርብ የሆነው ደግሞ ኔክስት ነበር። ዘመን ሲያልፍ ባለቤቶቹ ይህን ረሱና በኒር ላይ እንደገና ጨምረው ኒረርንና ኒረስትን አበጁ። ስለዚህ ኒረር ያለ ሰው፣ አያቶቹ ቢሰሙት፣ «ይበልጥ ይበልጥ ቅርብ» ብሏል። ሹመቱን የተነጠቀው ኔክስትስ? ዛሬ በየመስኮቱ ወረፋ ይጠራበታል።

ፎርሞስትም እንደዚሁ የድርብ ሹመት ውጤት ነው፤ አስቀድሞ ከሁሉ ይበልጥ የነበረ ቃል ሌላ ማስበለጫ ተደርቦበታል። «ፈርስት ኤንድ ፎርሞስት» የሚል ተናጋሪ ሲነሣ፣ ንግግሩ ገና ሳይጀመር ሦስት ከሁሉ የሚበልጡ ነገሮች በአዳራሹ ውስጥ አሉ። ሼክስፒር በጁሊየስ ቄሳር ተውኔቱ «ኢስት» ባለው ቃል ላይ «ሞስት» ደርቧል፤ እሱ ሲያደርገው ቅኔ ነው፣ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሲያደርገው ዜሮ ነው።

ሌላም ደንብ አለ፦ ከሁለት ነገር ቤተር እንጂ ቤስት አይመረጥም። ባለቋንቋዎቹ ግን ሰውን ሲያበረታቱ «ቤስት» እግርህን አስቀድም ይሉታል። ሦስተኛው እግር የት እንደሚገኝ ይህ ጥናት አላረጋገጠም።

ላስትና ሌተስት መጀመሪያ አንድ ነበሩ፤ ላስት የዚያው የጥንቱ ቃል አጥሮ የቀረ መልኩ ነው። አሁን ግን በመካከላቸው የቀብር ሥነ ሥርዓት ገብቷል፦ ሌተስት አዲሱ ነው፣ ላስት መጨረሻው። የእኛው «የመጨረሻ መጽሐፋቸው»ም ከዚህ አደጋ ነጻ አይደለም።

ሌላውን ሁሉ ብታምታቱ ከማርክ በቀር የሚጎድል የለም። በሕይወት ያሉ ደራሲ ስታገኙ ግን «ላስት ቡክዎን ወደድኩት» አትበሏቸው።