ሳተላይት እምቢ አለኝ

እጁን የሚያወጣ ሰው ያናድደኛል። ስብሰባ ላይ ማለቴ አይደለም፤ እዚያማ እጅ ካልወጣ ስብሰባው ተደረገም አይባል። እኔን የሚያበግነኝ ማሳ መሃል ቆሞ ጂፒኤሱን ወደ ሰማይ የሚሰቅል የመሬት ልኬት ባለሙያ ነው። ይሰቅላል፣ ያወርዳል፣ ያያል፣ "እምቢ አለኝ" ይላል፣ እንደገና ይሰቅላል። ዙሪያውን የቆመው ሰውም ዝም አይልም። "ከፍ አድርገው እንጂ ልጄ!" ይላሉ አንድ ሽማግሌ። "እቋጥኙ ላይ ብትወጣሳ?" ይላል ጎረምሳው። መሣሪያውን ነክቶት የማያውቅ ሁሉ ወጌሻው የሚሆነው በዚያች ሰዓት ነው።

ወገኖቼ፣ ሳተላይቶቹ ያሉት እኮ 20,200 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ነው! ከዚህ ሁሉ ላይ አንድ ክንድ ቢቀነስላቸው ምን ይፈይድላቸዋል?

ልማዱ ከየት እንደመጣ አይጠፋኝም። ከዲሽ ነው። ጎጃም ውስጥ ቢቸናም ሂዱ ሞጣም፣ አንዱ ቆርቆሮ ላይ ወጥቶ ሳህኑን ያዞራል፣ ሌላው ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጦ "አለፈህ! መልሰው! መጣ፣ መጣ፣ በቃ እንዳትነካው!" እያለ ይጮኻል። የዲሽ ሳተላይት ግን 36,000 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ከምድር ጋር እኩል ስለሚዞር ከአንድ አቅጣጫ አይነቃነቅም። የጂፒኤሶቹ ሠላሳ ያህል ናቸው፤ እያንዳንዳቸው በቀን ሁለት ጊዜ ምድርን ይዞራሉ። ከእነሱ ቢያንስ አራቱ በአንድ ላይ መታየት አለባቸው። ማዞርም ማነጣጠርም አያስፈልግም፤ ሰማዩን አለመከለል ብቻ ነው።

የሚከልለው ደግሞ የታወቀ ነው። ባሕር ዛፍ ሥር፣ በተለይ ዝናብ ካባራ በኋላ፣ እርጥቡ ቅጠል ምልክቱን ይውጠዋል። ቆርቆሮ አጠገብ ሞገዱ እየነጠረ ይመጣና መሣሪያውን ያሳስተዋል። ደረት ላይ ተለጥፎ ከተያዘም የባለቤቱ ገላ ግማሹን ሰማይ ይጋርድበታል። አንቴናው ጠፍጣፋ የሆነው ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ መንጋለል ይወዳል፤ ጉጥ ያለው ቀጥ ብሎ መቆም። ከሁሉ በላይ ግን ጊዜ ይፈልጋል። ለወራት ጠፍቶ የከረመ ወይም ከሩቅ አገር የመጣ መሣሪያ የሳተላይቶቹን ማውጫ ሙሉውን ለመቀበል 12 ደቂቃ ተኩል ይወስድበታል። የእኛ ሰው ሁለት ደቂቃ ሳይታገሥ አጥፍቶ ያበራዋል። ያ ካልሆነ ባትሪውን አውጥቶ በጥርሱ ነከስ ነከስ ያደርግና መልሶ ይከተዋል። ባትሪ ፀሐይ ላይ አስጥቶ የሬዲዮ ዜና የሰማ ትውልድ ነውና አልፈርድበትም።

ለነገሩ ጎጃም መሬቱ ሲለካ ደስ ብሎት አያውቅም። በደቡብ አገር የመለኪያው ገመድ፣ ቃላድ፣ ሲጣል ጎጃም ርስቱን ሳያስለካ ቆየ። ኅዳር 1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ወጣና ገማች ኮሚቴ ተላከ። ሞጣ፣ ቢቸናና ዳሞት "ዛሬ ምርቱን የገመተ ነገ መሬቱን ይለካል፤ የለካ ደግሞ ርስት ይነቅላል" ብለው ጠብመንጃ አነሱ። አዋጁ የሚለው ስለ ገቢ ነበር፤ ገበሬው ግን የነገውን ገመድ አሻግሮ አየው። ጦር ዘመተ፣ ሰው አለቀ፤ በመጨረሻ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከሥልጣን ተነሡ፣ ግብሩም በጎጃም እንደታሰበው ሳይሠራ ቀረ። ከዚያ የ1967ቱ የመሬት አዋጅ መጣ። ከዚያ የ1989ኙ የመሬት ድልድል፤ እሱን ያየ ገመድ ሲጎተት ማን ጫፉን እንደያዘ እስከዛሬ ያስታውሳል። ከዚያ የይዞታ ደብተር መጣ፣ "በምሥራቅ እገሌ፣ በምዕራብ ወንዝ" እያለ በአዋሳኝ የሚናገር። ወንዙ ሲሄድ፣ እገሌም ሲሞት ጊዜ ጂፒኤስ ተጨመረበት። አያቱ ለኪውን በምንሽር ያባረረ ሰው ዛሬ "እባክህ የእኔንም ለካልኝ" እያለ ባለሙያ ይለምናል። የቀረው ሸፋች ሳተላይቱ ብቻ ነው።

ግን አንድ ነገር ከልቤ ያናድደኛል። መሣሪያው ቦታውን በሜትር ቆጥሮ ሲያሳይ፣ ጥግ ላይ ደግሞ "ይህን ያህል ልሳሳት እችላለሁ" የምትል ትንሽ ቁጥር ያስቀምጣል። የእጅ ጂፒኤስ ሰማይ ሲከፈትለት ከሦስት እስከ አምስት ሜትር ይስታል፤ ዛፍ ሥር ከዚያ ብዙ ይበልጣል። እሱም ተመስገን ነው። አሜሪካኖች ለሲቪሉ ሆን ብለው የሚያደበዝዙትን ምልክት ሚያዝያ 24 ቀን 1992 ዓ.ም.፣ በእኛ ከጧቱ አንድ ሰዓት ላይ ባያጠሩት ኖሮ ስሕተቱ መቶ ሜትር ይደርስ ነበር። ቢቸና ላይ ድንበር ማለት ግን አንድ ክንድ የማይሞላ ሣር ያለበት ወሰን ነው። ለአንድ ትልም ሰው ይገዳደላል! ሦስት ሜትር በመቶ ሜትር ርዝመት 300 ካሬ ሜትር ነው፤ ሩብ ሄክታር ገደማ ከሆነው ጥማድ ከአሥር እጅ አንዱን ይበልጣል። ያችን የስሕተት ቁጥር ከነጥቡ ጎን የሚጽፍ ባለሙያ እስካሁን አልገጠመኝም። ሁለት ጎረቤታሞች ፊት ቆሞ "ሳተላይት ተናግሯል" ይላል። ምንም አልተናገረም! ሳተላይት የሚናገረው ስንት ሰዓት እንደሆነና ራሱ የት እንዳለ ብቻ ነው። የሰው መሬት የት ላይ እንደሚያልቅ አያውቅም፤ ጠይቀውትም አያውቁም።

ይሁን እስቲ። ገመዱም ቢሆን ጻድቅ አልነበረም። ሲጎትቱት ይለጠጣል፣ ዝናብ ሲመታው ያጥራል፣ ያዡም ጧት የማን ቤት ጠላ እንደቀመሰ ይታወቃል። ጂፒኤስ ቢያንስ አይጋበዝም። አሁን አሁንማ የአየር ፎቶ ተዘርግቶ ባለመሬቱና አዋሳኙ በጣታቸው እያሳዩ የሚሰመርበት ቀበሌ በዝቷል፤ እሱ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው፣ ዛፍ ሥር ያለ ወሰን ከላይ አይታይም።

ካርታ ካነሣን አይቀር፣ ባለ 1:50,000 የድሮ ካርታ ላይ ያነበቡትን ነጥብ ጂፒኤስ ላይ ፈልገው ያጡ ሰዎች ስንት ሳተላይት ቢይዙ አይድኑም። ካርታው የተሠራው አዲንዳን በሚባል ልኬት ነው፤ መነሻ ነጥቡ በሱዳንና በግብፅ ድንበር አካባቢ ነው። መሣሪያው ከፋብሪካ ሲወጣ የሚጠቀመው ደብሊውጂኤስ 84ን ነው። በሁለቱ መካከል በእኛ አገር 200 ሜትር ያህል ልዩነት አለ። ስለዚህ እባካችሁ፣ ጎረቤት ከመክሰሳችሁ በፊት ሴቲንጉ ውስጥ ገብታችሁ የትኛው እንደተመረጠ እዩ።