ከሦስቱ አንዱን ትቶ

በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1920 ዓ.ም.፣ ለመንግሥት ሥራ የሚታጩ ወጣቶች ይበስሉበት ዘንድ ፍልስፍናን፣ ፖለቲካንና ኢኮኖሚክስን አንድም ሦስትም አድርጎ በሦስት ዓመት የሚያስተምር የዲግሪ መርሐ ግብር ተመሥርቶ፣ ከዚሁ የጥበብ ምንጭ የጠጡት ዴቪድ ካሜሮን፣ ሊዝ ትረስና ሪሺ ሱናክ ለብሪታንያ ጠቅላይ ሚኒስትርነት መዓርግ በቅተዋል። ወይዘሮ ትረስ በዚሁ አቆጣጠር በ2022 ዓ.ም. በመንበሩ የሰነበቱት ለ49 ቀን፣ ማለትም ከዐቢይ ጾም በ6 ቀን ላነሰ ጊዜ ቢሆንም፣ የፓውንድን ዋጋ በሚገባ ለማስጾም ጊዜው አላነሳቸውም። ሥርዓቱም ደቀ መዝሙሩ ከአንደኛው ዓመት በኋላ ከሦስቱ ትምህርቶች አንዱን እንዲተው የሚፈቅድ ስለሆነ፣ የትኛው ሊቅ የትኛውን እንደተወ ለመገመት የሚሻ ዜጋ፣ መዝገብ ቤት መሄድ ሳያስፈልገው፣ የገበያውን ዋጋና የምክር ቤቱን ሁካታ መመርመር ይበቃዋል።