ላሊበላ የትም አይሄድም

አገርን ለመጎብኘት በማቀድ የሚያህለን ሕዝብ የለም። ሌላው ዓለም የሚያቅደው ለመሄድ ነው፤ እኛ ከዚያ ተራ ደረጃ ካለፍን ቆይተናል። እኛ ዘንድ ዕቅዱ ራሱ ጉዞ ነው። ጎንደርን በሐሳቡ ሳይዞር፣ ላሊበላን በወሬ ሳይሳለም፣ ሶፋው ላይ ተጋድሞ የራስ ዳሽን ብርድ ሳያንቀጠቅጠው ዓመቱን የሚጨርስ የአዲስ አበባ ሰው ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል። ተነሥቶ መሄድ የሚባለው ነገር የችኩል ሥራ ነው። አስተዋይ ሰው "ላሊበላ እንደሆነ የትም አይሄድ" ብሎ ይቀመጣል።

ዕቅድ የሚጀምረው ወቅት ከመምረጥ ነው፤ እኛም ጠንቃቆች ነንና ወሮቹን አንድ በአንድ እንፈትሻለን። መስከረም አደዩ ያምራል፣ ጢስ ዓባይም ሞልቶ የሚወርደው ያኔ ነው፤ ነገር ግን ደብተር አለ፣ ዩኒፎርም አለ፣ የትምህርት ቤት ክፍያ አለ። ጥቅምት ብርዱ አይቻልም። ኅዳር ጽዮን ላይ አክሱም ትዝ ይልና "ያን ሁሉ ሰው ማን ይችለዋል" ተብሎ ይታለፋል። የታኅሣሥ መጨረሻ ላሊበላ የምትደምቅበት ነው፤ ስለምትደምቅም አልጋ አይገኝም። ጥር ጎንደር ጥምቀትን የምታከብርበት ወር ቢሆንም ያው የሰርግ ወር ነውና የአጎት ልጅ እየተዳረች ጥሎ መሄድ ነውር ነው። ከየካቲት ጀምሮ ዐቢይ ጾም ይገባል፤ በጾም ደግሞ ምን ተበልቶ ይጎበኛል? ፋሲካን ከቤቱ ውጭ የሚውል ምን ያለ ሰው ነው? ግንቦት ሌላ ሰርግ። ሰኔ የበጀት መዝጊያ። ሐምሌና ነሐሴ ልጆቹ ቤት ናቸው፣ ጊዜውም ሞልቷል፤ ዝናቡና ጭጋጉ ግን የሰሜን ተራሮችን ይጋርዳቸዋል። ጳጉሜን ብቻ ትቀራለች፤ ጳጉሜን ላይ ደግሞ ኪስ ውስጥ ያለው ብር የዘመን መለወጫው በግ ነው።

ነፍሱን ይማረውና የኢትዮጵያ ቱሪዝም አባት የሚባለው ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ አገሪቱን "የ13 ወር ጸጋ" ብሎ ለዓለም አስተዋወቃት። ፈረንጁም አምኖ መጣ። ከ13ቱ ወር አንዱም ያልተመቸው ለባለ አገሩ ነው። መፈክሩ በኋላ "ምድረ ቀደምት" በሚል መለወጡ ለእኛ ትልቅ እፎይታ ነበር፤ አዲሱ ቢያንስ ወር አይጠቅስም።

ይህ የግለሰብ ዕቅድ ነው። ጉዳዩ መሥሪያ ቤት ሲገባ ኮሚቴ ይቋቋምለታል። "አገሬን ልወቅ" የሚል የቴሌግራም ግሩፕ ይከፈታል። የመጀመሪያው መልእክት የቤተ ጊዮርጊስ ፎቶ ነው፤ ከላይ የተነሣው፣ የጣሪያው መስቀል አንዱ በሌላው ውስጥ ሆኖ የሚታይበት። ሁለተኛው "ዋው" ይላል። ከሦስተኛው ጀምሮ ሥራ ይፈታል።

"በመኪና ነው በአውሮፕላን?"

"በአውሮፕላን ከሆነማ ምኑን አገር አየነው!"

"በመኪና ከሆነ ዕረፍቱ መንገድ ላይ አለቀ እኮ።"

"ቆይ ግን፣ እዚያ ደህና ቁርጥ ቤት አለ?"

"ጋሼ፣ ልንሳለም ነው እኮ የምንሄደው።"

"ተሳልመን ስንወጣስ አንበላም?"

ይህች የመጨረሻዋ ጥያቄ ታሪካዊ ናት። አለት ሲፈለፈሉ ስለኖሩት ጠራቢዎች ያልተነሣው ክርክር በቁርጥ ላይ ይነሣል፤ ቃለ ጉባኤ ይያዛል፤ ገንዘብ ያዧ እትዬ መዋጮ ያልከፈለውን ሰው ዝርዝር በየሰኞው ይለጥፋሉ። በመጨረሻም ኮሚቴው "ለመለማመጃ ያህል" ቢሾፍቱ እንዲኬድ በሙሉ ድምፅ ይወስናል። ቲሸርቱ ቀድሞ ታትሟልና አይለወጥም። ሠላሳ ሰው ደረቱ ላይ ላሊበላን አንጠልጥሎ ባቦጋያ ዳር ጥሬ ሥጋ ይቆርጣል። ከፊቱ የተንጣለለው ሐይቅ እሳተ ገሞራ በፈነዳበት ጉድጓድ የተኛ ውኃ መሆኑን፣ ያም ቢሆን አንድ ቀን ሙሉ ሊያስጎበኝ የሚችል ጉድ መሆኑን የነገረው የለም። እሱም አልጠየቀም። ለሐይቁ ጀርባውን ሰጥቶ ፎቶ ይነሣና "ውቢቷ አገሬ" ብሎ ይለጥፋል።

አቅም ያለው ደግሞ ዱባይ ይሄዳል። ይህን ወገን ማማት አይገባም፤ ቢያንስ ተነሥቶ ሄዷል። ሲመለስ ቡርጅ ካሊፋ 828 ሜትር እንደሚረዝም፣ ሊፍቱ ጆሮ እንደሚደፍን ሻንጣውን ሳይፈታ ይነግርሃል። "ላሊበላ ስንት ውቅር ቤተ ክርስቲያን አለ?" በለው፤ ስልኩን ያወጣል። 11 ናቸው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1978 የዓለም ቅርስ መዝገቡን ሲከፍት ካሰፈራቸው 12 የመጀመሪያ ቅርሶች ሁለቱ የእኛ ነበሩ፦ ላሊበላና የሰሜን ተራሮች። ዛሬ በዚያ መዝገብ ያሉን ቅርሶች ራሳቸው 12 ደርሰዋል። ዱባይ ደርሶ መልሱ ግን ከእነዚህ አንዱን እንኳ በዓይኑ ሳያይ ስለ ሁሉም ይከራከራል። የጎንደርን ግንብ ፖርቱጋሎች ሠሩት የሚል ሰው ፌስቡክ ላይ ቢያገኝ እስከ ንጋት አይተኛም። ዐፄ ፋሲል የፖርቱጋል ኢየሱሳውያንን ከአገር ያስወጡ ንጉሥ መሆናቸውን ጠቅሶ፣ ሰውየውን አዋርዶ፣ ብሎክ አድርጎ ይተኛል። ግንቡን ግን ካላንደር ላይ ነው የሚያውቀው።

ከዋሽንግተን የምትመጣው የአክስት ልጅ በአንድ ፈቃድ ጥምቀትን ጎንደር ታከብራለች፣ ላሊበላ ትሳለማለች፣ ሐረር ሄዳ ለጅብ ሥጋ ታጎርሳለች። ተመልሳ ፎቶውን ስታሳየን እኛ ነን የምናብራራላት። "ይሄ እንግዲህ ጀጎል ነው" እንላታለን፣ ከጀጎል ለመጣችው ሰው።

"የትም አይሄድም" የሚለውን ቃል ግን ጠጋ ብለን እንየው፤ በዚህ አገር ከእኛ በቀር ያልሄደ ነገር ጥቂት ነውና። የአክሱም ሐውልት፣ 24 ሜትር የሚረዝም ድንጋይ፣ በ1929 ዓ.ም. በፋሺስት ጣሊያን ተጭኖ ሮም ሄደ። እዚያ ከስድሳ ዓመት በላይ ከርሞ፣ በ1997 ዓ.ም. በሦስት ተከፍሎ በአውሮፕላን ተመልሶ፣ በ2000 ዓ.ም. ቦታው ላይ ቆመ። "የአክሱም መንገድ ይርቃል" የምንል ሰዎች ከዚህ ድንጋይ ጋር ፊት ለፊት ብንገናኝ ዓይናችንን የት እንደምናደርገው እንጃ። ድንቅነሽስ? 3.2 ሚሊዮን ዓመት የሆናት አሮጊት በ1999 ዓ.ም. ተነሥታ አሜሪካን ስትዞር ከርማ በ2005 ተመለሰች። እኛ በታክሲ ሄደን ቅጂዋን እንኳ ብሔራዊ ሙዚየም ለማየት አምስት ኪሎ አልደረስንም፤ ወይም የደረስነው አራተኛ ክፍል ሳለን በሰልፍ ተነድተን ነው። አፍሮ አይገባ የሚባለው የላሊበላ የወርቅ መስቀል ተሰርቆ ቤልጂየም ደርሶ መጥቷል። ከመቅደላ የተጋዘው ታቦትና ብራና እንግሊዝ ከገባ ከ150 ዓመት በላይ ሆነው። ጢስ ዓባይ እንኳ ውኃው ወደ ኃይል ማመንጫ ሲዞር ገደሉ ላይ ክር አክሎ የሚቀርበት ጊዜ አለ።

ባለበት የቀረውም ቢሆን እንደነበረ አልቀረም። የላሊበላ አለት ዝናብና ፀሐይ ሲፈራረቁበት ይሰነጠቃል፣ ይቦረቦራል። ለዚህ ተብሎ ከአንዳንዶቹ አብያተ ክርስቲያናት በላይ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ ግዙፍ የብረት ከለላ ተሠራ፤ "ለጊዜው" ተብሎ። ለጊዜው የምትለውን ቃል እኛ በደንብ እናውቃታለን፤ ዕቅዳችንም በእሷው ነው የቆመው።

"መንገዱስ?" የሚል ይኖራል። ጥያቄው እውነት ነው፤ በዚህ አልቀልድም። ጦርነት ባለበት፣ መንገደኛ በሚታገትበት ዘመን ልጆቹን ይዞ ያልወጣ ሰው አይወቀስም። ግን ጥያቄውን መጠየቅ የሚያምርበት መንገዱ ክፍት በነበረ ጊዜ የሄደ ሰው ነው። ያኔ ምን ነበር የምንለው? "አልጋ አይገኝም"፣ "ሰርግ አለ"፣ "ከርሞ" ነበር። ዛሬ ጦርነቱ ያቀበለን የተዘጋጀ ሰበብ እንጂ አዲስ ልማድ አይደለም፤ ሳንሄድ የኖርነውን ሁሉ "መሄድ አልቻልንም" ብለን የምንጽፍበት ንጹሕ ወረቀት ሰጠን።

የዚህን ዕዳ የሚከፍለው ላሊበላ ያለው ሰው ነው። አሸተን ማርያም የሚያወጣው ባለ በቅሎ፣ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ጫማ የሚጠብቀው ልጅ፣ ሦስት የውጭ ቋንቋ አቀላጥፎ እየተናገረ በአማርኛ የሚያስጎበኘው ወገን ያጣው አስጎብኚ። ኮሮና መጣ፣ ፈረንጁ ቀረ። ጦርነት ተከተለ፣ ፈረንጁ ጨርሶ ጠፋ። ከተማዋ ባዶ የሆነችው ፈረንጁ ስለቀረ ብቻ አይደለም፤ ከፈረንጁ ሌላ እንግዳ እንዲኖራት ስላላደረግን ነው። ለገና በእግሩ ገስግሶ፣ ስንቁን በጀርባው አዝሎ የሚመጣው የገጠር ምእመን እዚህ ሐሜት ውስጥ የለበትም። ያ ሰው ኮሚቴ አቋቁሞ አያውቅም፤ ቴሌግራምም የለው። ከእኛ በላይ አገሩን ያየው ግን እሱ ነው።

ገንዘብ የሌለውንም አልነካም። የምነካው ቢሾፍቱ አንድ ቀን ውሎ ያወጣውን ሒሳብ ቁጭ ብሎ የማያሰላውን ነው። ለባለ አገር መግቢያው በብር ነው፤ የውጭ ዜጋ በዶላር ከሚከፍለው ጋር አይገናኝም። በዚህ ቅናሽ ላይ አገሩን ያላየ ሰው ስለ ዋጋ ሲያማርር መስማት ራሱን የቻለ መዝናኛ ነው።

ሰሜኑ ይቅር እንበል፤ ርቋል፣ ጭንቅ ነው። ጢያ ግን እዚሁ ናት፣ በቡታጅራ መንገድ ዘጠና ኪሎ ሜትር ግድም። 36 ትክል ድንጋዮች ሜዳ ላይ ቆመዋል፣ አብዛኞቹ ላይ ምልክት ተቀርጾባቸዋል፤ ሰይፉ ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ ከሰይፉ ጎንና ሥር ያሉት ምልክቶች ምን ማለት እንደሆኑ ግን እስከ ዛሬ ተመራማሪዎቹ አልተስማሙም። አካባቢው "የግራኝ ድንጋይ" ይላቸዋል፤ ግራኝ ሳይወለድ የቆሙ ቢሆኑም። እዚያው መንገድ ላይ መልካ ቁንጡሬ አለ፣ የጥንቱ ሰው የድንጋይ መሣሪያ የተገኘበት፣ በ2016 ዓ.ም. ዩኔስኮ የመዘገበው። ከዚያው ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ሲሉ ደግሞ አዳዲ ማርያም ትገኛለች፣ እንደ ላሊበላዎቹ ከአለት የተፈለፈለች። መንገዱ ሰላም በሆነ ቅዳሜ ከጠዋቱ 12 ሰዓት የተነሣ ሰው ሦስቱንም አይቶ፣ ቡታጅራ ወርዶ ክትፎውንም በልቶ፣ ሳይመሽ አዲስ አበባ ይገባል። ለዚህ ኮሚቴ አያስፈልግም።