ሁለት አገር ያላት አሣ

ከዕለታት አንድ ቀን፣ ከበረዷማ ተራሮች ሥር የሚነሣ አንድ ወንዝ ነበር። በላይኛው አገር ይወለዳል፣ በታችኛው አገር ያረጃል። በሁለቱ አገሮች መካከል ዛፉ ተመንጥሮ የተሰመረ ቀጥ ያለ ወሰን አለ። ወዲህ ያለው የራሱ ሸንጎ አለው፤ ወዲያ ያለውም እንዲሁ።

በዚህ ወንዝ አንዲት አሣ ትኖር ነበር። የምትበላውና የምትወፍረው በታችኛው አገር ሐይቅ ውስጥ ነው። እንቁላል የመጣያ ጊዜዋ ሲደርስ ግን ወንዙን ሽቅብ ትወጣና በላይኛው አገር ቀዝቃዛ ጅረት፣ በንጹሕ ጠጠር መካከል ትቀብረዋለች። እናቷም አያቷም እንዲሁ አድርገው ነበር። ጠጠሩ በደለል ከታፈነ እንቁላሉ ይሞታል፤ ዘሯም ይቋረጣል።

አንድ ዓመት ሽቅብ ስትወጣ ቀበሮ ከጅረቱ ዳር አፈር ሲምስ አገኘችው።

«አያ ቀበሮ፣ ምን ትፈልጋለህ?»

«የሚነድ ጥቁር ድንጋይ። ኮረብታውን ገልብጬ አወጣዋለሁ። የላይኛው ሸንጎ ፈቅዶልኛል፤ ለልጆቹም ሥራ እሰጣለሁ።»

«የኔስ እንቁላል?»

«አንቺ የታችኛው አገር ልጅ ነሽ። አቤቱታሽን እዚያው አቅርቢ።»

አሣዪቱ ወርዳ ለታችኛው ሸንጎ አቤት አለች። የሸንጎው አለቃ አያ ድብ ተቆጣ፤ ወሰኑ ላይ ቆሞም «ውሃችንን ልታደፈርሱ ነው!» ብሎ ጮኸ። ከወዲያ በኩል አጋዘን መለሰ፦ «ኮረብታው የኛ፣ ድንጋዩ የኛ፤ እናንተ ምን አገባችሁ?» እንዲህ ሲጯጯሁ ዓመታት አለፉ።

በመጨረሻ አባቶቻቸው የተማማሉትን አስታወሱ፤ አንዱ የሌላውን ውሃ እንዳይበክል ቃል ኪዳን ነበራቸው። ከወዲህ ሦስት፣ ከወዲያ ሦስት፣ ስድስት ሽማግሌዎች ተቀመጡ። አሣዪቱን ጠየቁ፤ ጠጠሩንም አዩ። ከምዕራብ ካለው ጎረቤት ሸለቆ፣ ተራራው ቀደም ብሎ ከተገለበጠበት፣ ሌላ አሣ ለምስክርነት ተጠራ።

«በኛ ዘንድ ውሃው ጥሩ ይመስላል» አለ ምስክሩ። «ዝናቡ ከተቆለለው ድንጋይ የሚያጥበው መርዝ ለዓይን አይታይም። ልጆቻችን ግን ጎብጠው ይፈለፈላሉ። ቆፋሪው ቢሄድም ክምሩ ቆሞ መርዙን ያፈሳል።»

ሽማግሌዎቹ ተመካክረው «ጉዳቱ ወሰን ይሻገራል፤ አይቆፈር» ብለው መከሩ።

ቀበሮ መማሱን አቆመ። ፈቃዱን ግን አልመለሰም፤ ከጉድጓዱ አፍ ላይ ተኝቶ ጊዜ ይጠብቅ ጀመር። አሣዪቱም በየዓመቱ ስታልፍ ታየዋለች። ሌሎች ቀበሮዎችም እየመጡ አጠገቡ ተኙ።

አያ ድብ ዳግመኛ ወሰኑ ላይ ቆሞ «ፈቃዱን ቅደዱት!» አለ።

አጋዘን ረጋ ብሎ መለሰ፦ «አያ ድብ፣ በእናንተም በኩል ከወንዙ ዳር የተኙ ቀበሮዎች አሉ። ፈቃዱን የሰጣችኋቸው እናንተ ናችሁ። እኛ ሀብታችንን ትተን እናንተ የምትቆፍሩ ከሆነ ይህ ምን ዓይነት ጉርብትና ነው?»

አያ ድብ ወደ አሣዪቱ ዞረ፤ እንድትደግፈው ፈልጎ ነበር።

«እውነቱን ነው» አለች። «የምወልደው እላይ፣ የምኖረው እታች ነው። ከየትኛውም ጉድጓድ የሚወርደው መርዝ እኔን ያገኘኛል።»

አያ ድብ አቀርቅሮ ቆየ። ከዚያ የራሱን ቀበሮዎች ጠርቶ ፈቃዳቸውን አስመለሰ። አጋዘንም የራሱን አስመለሰ። የመጀመሪያው ቀበሮ «ስፈልግ የደከምኩበትስ?» ቢል፣ ከሁለቱም ወገን ተዋጥቶ ወጪው ተከፈለውና ሄደ። አሣዪቱም እንቁላሏን ጠጠሩ ውስጥ ቀበረች።

ይህ ተረት ሥር አለው። ወንዙ ከካናዳዋ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ተነሥቶ ወደ አሜሪካዋ ሞንታና የሚወርደው ፍላትሄድ ነው። ቃል ኪዳኑ ሁለቱ አገሮች እ.ኤ.አ. በ1909 የተፈራረሙት የድንበር ውሃዎች ስምምነት ነው፤ አንዱ የሌላውን ጤናና ንብረት እስኪጎዳ ድረስ ውሃ እንዳይበክል ይከለክላል። ስድስቱ ሽማግሌዎች ከየአገሩ ሦስት ሦስት አባላት ያሉት የጋራ ኮሚሽን ናቸው። ኮሚሽኑ በ1988 በካቢን ጅረት ሊከፈት የታሰበው የድንጋይ ከሰል ማዕድን በቀረበበት መልኩ እንዳይፈቀድ መከረ፤ ከምክንያቶቹ ዋናው ወሰን ተሻግረው እንቁላል የሚጥሉት አሣዎች ነበሩ። ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ግን በሸለቆው ማዕድን፣ ነዳጅና ጋዝ ማውጣትን ለመከልከል ከሞንታና ጋር የተስማማችው በ2010 ነው፤ በቀጣዩ ዓመት ክልከላውን በሕግ አጸናች። በሞንታና በኩል የነዳጅና ጋዝ ኩባንያዎች ይዞታቸውን እየለቀቁ ሄዱ፤ የአሜሪካ ምክር ቤትም በ2014 በራሱ በኩል ያለውን የመንግሥት መሬት ለቁፋሮ በሕግ ዘጋ።

የምስክሩም ሸለቆ እውነተኛ ነው፤ ኤልክ ይባላል። ከከሰል ማዕድኑ የሚወጣው ሴሌኒየም የተባለው መርዝ ወደ ኩካኑሳ ሐይቅ ወርዶ ሞንታና ይገባል። በወሰኑ ግራና ቀኝ የሚኖሩት የክቱናሃ ሕዝቦች ኮሚሽኑ እንዲጠራ ለዓመታት ወትውተዋል፤ ሁለቱ መንግሥታት ጉዳዩን የመሩለት በ2024 ነው። በፍላትሄድ ሽማግሌ የተጠራው ከቁፋሮው በፊት ነበር፤ በኤልክ ግን ተራራው ከተገለበጠ በኋላ ነው። ከተገለበጠ ድንጋይ የሚወርደውን መርዝ ማጥራት ለትውልድ የሚተርፍ ዕዳ ነው።

በአንድ ወንዝ የሚጠጡ ሁሉ ይህን ይያዙ፦ ጎረቤቱን «አትቆፍር» የሚል መጀመሪያ የራሱን ጉድጓድ ይድፈን፤ ያን ጊዜ ቃሉ ወሰን ተሻግሮ ይሰማል።