የከማል ለቅሶ

«ጥቁር ፍቅር» የተባለው የቱርክ ድራማ በቃና ቴሌቪዥን ያለቀ ሰሞን ሰፈራችን ሐዘን ላይ ነበር። ከማል ከጠላቱ ከኤሚር ጋር በፍንዳታ ሄደ፤ ፍቅረኛው ኒሃን ከልጇ ጋር ቀረች። በማግሥቱ ቡና ላይ የተሰበሰቡት እናቶች ዓይን በርበሬ መስሏል። የእድርተኛ ድንኳን ውስጥ እንኳ «ክፍሉ ሊያመልጠን ነው» እያሉ ሰዓት የሚያዩት እትዬ፣ አሁን ነጠላቸውን አዘቅዝቀው «እናቱ እንዴት ይችሉት ይሆን?» ይላሉ። ባለቤታቸው «የቱርክ ወሬ አልወድም» ባይ ናቸው። አልወድም ይበሉ እንጂ የኤሚርን ክፋት ከመጀመሪያው ክፍል ጀምረው በቅደም ተከተል ይተነትኑታል።

ቱርኮቹ እኮ ከማልን ሰኔ 2009 ዓ.ም. ሸኝተው እርማቸውን አውጥተዋል። ሟቹን ሆኖ የተወነው ቡራክ ኦዝቺቪትም ኋላ ጢሙን አሳድጎ፣ ፈረስ ላይ ወጥቶ፣ በሌላ ድራማ የኦቶማንን መንግሥት ሲመሠርት ታይቷል። ይህን ለእትዬ ብነግራቸው «ሂድ ወዲያ! ያ ሌላ ሰው ነው» ብለው ገላመጡኝ። ለማጽናናት ያህል ድራማው ኅዳር 2010 ዓ.ም. ዓለም አቀፉን የኤሚ ሽልማት መውሰዱን ጨመርኩላቸው። ሲኒያቸውን ረከቦቱ ላይ ቁጭ አደረጉት።

«ለኤሚር? ለዚያ ነፍሰ ገዳይ?»