የበልግ ሰማይ፣ የሞተረኛ ጓድና የይሉኝታ ፊዚክስ

መግቢያ

ሞተር ሳይክል በቤንዚን እንደሚሄድ በበቂ ሁኔታ የተረጋገጠ ጉዳይ ነው። አሥራ ሁለት ሞተር ሳይክሎች በአንድ እሑድ፣ በአንድ መንገድ፣ ወደ አንድ ጥቁር ደመና የሚሄዱት በምን ኃይል እንደሆነ ግን እስካሁን ትኩረት የሰጠው የለም። ይህ ጽሑፍ ያንን ክፍተት ለመሙላት በትሕትና ቀርቧል።

የጥናቱ ወሰን በመጋቢትና በሚያዝያ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ብርሃን በኩል እስከ ጣርማ በር የሚደረገው የደርሶ መልስ ጉዞ ነው፤ መንገዱ ሰላም ሲሆን ማለት ነው። መስመሩ በሦስት ምክንያት ተመርጧል። አንደኛ፣ አስፋልት ነው። ሁለተኛ፣ ከ2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነሥቶ ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሚወጣ ብርድ ፍለጋ መንከራተት አያስፈልግም። ሦስተኛ፣ ከተጓዦቹ እያንዳንዱ በልቡ “ምነው ወደ ቢሾፍቱ ብንወርድ” ይላል፤ በአፉ ያወጣው ግን የለም። የጥናቱ ዋና ጉዳይ ይህ ሦስተኛው ነው።

የወቅቱ ጠባይ

ክረምት ቃሉን የሚያከብር ወቅት ነው። በሐምሌ ዣንጥላ ሳይዝ ወጥቶ የበሰበሰ ሰው የሚወቅሰው ራሱን ነው። በልግ ግን ሌላ ነው። ከየካቲት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ፣ ከሕንድ ውቅያኖስ የሚነሣው እርጥበት አዘል ነፋስ በርታ ሲል ይዘንባል፣ ደከም ሲል ይተወዋል። አንዱን ዓመት ቀድሞ ይመጣል፣ ሌላውን ዓመት ዘግይቶ ይመጣል፣ ሲያሻው ጭራሽ ይቀራል። የሰሜን ሸዋ ደገኛ ይዘንባል ብሎ ገብሱን ይዘራል፤ ሞተረኛው ደግሞ አይዘንብም ብሎ ይነሣል። ሰማዩ ሁለቱን በአንድ ቀን ማስደሰት ስለማይሆንለት፣ ሁለቱንም እኩል የሚያስከፋ መፍትሔ አለው፦ በረዶ።

የበረዶው አሠራር ቀላል ነው። ረፋዱ ላይ ፀሐይዋ ምድሩን ታሞቀዋለች፤ የሞቀው አየር ሽቅብ ይወጣል፤ ከሰዓት በኋላ ደመናው ተቆልሎ ይጠቁራል። ከላይ የተነሣ የበረዶ ጠጠር ቆላ እስኪደርስ ይቀልጣል። ደጋው ግን ራሱ ሦስት ሺህ ሜትር ሽቅብ ወጥቶ ስለሚቀበለው፣ ጠጠሩ ቅርጹን እንደጠበቀ ሄልሜት ላይ ያርፋል።

የአየር ትንበያን በተመለከተ፣ “በአንዳንድ ቦታዎች ቀላል እስከ መካከለኛ መጠን ያለው ዝናብ ሊኖር ይችላል” የሚለው አባባል ላቅ ያለ ሳይንሳዊ ክብር ይገባዋል፤ ስሕተት ሆኖ ሊገኝ የሚችልበት መንገድ የለምና። አንዳንድ ቦታዎች የተባሉት የት እንደሆኑ ለማወቅ አስተማማኙ ዘዴ በሞተር መሄድ ነው።

የመነሻ ሰዓት

ቀጠሮው ከጠዋቱ 12 ሰዓት፣ መገናኛ አካባቢ ባለ አንድ ነዳጅ ማደያ ነው። መጀመሪያ የሚደርሰው ሩቅ የሚኖረው ሰው ነው። መጨረሻ የሚደርሰው ማደያው አጠገብ የሚኖረው ሲሆን፣ ምክንያቱም ቅርብ መሆኑ ነው። ይህ ሰው በስልክ ሲጠየቅ “ደርሻለሁ” ይላል፤ ከድምፁ በስተጀርባ ግን የሻወር ውኃ ሲወርድ ይሰማል።

ሒሳቡን ሁሉም ያውቀዋል። ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው። በማለዳ የተነሣ ሰው ደርሶ፣ በልቶ፣ ደመናው ሳይቆለል ሊመለስ ይችላል። ነገር ግን “ትተነው እንሂድ” የሚል ሰው አይገኝም፤ ነገ እሱም ይረፍድበት ይሆናላ። ስለዚህ አንድ ማኪያቶ ይጠጣል፤ ከዚያ ሌላ ማኪያቶ ይጠጣል፤ ጉዞው ቀትር ሲቃረብ ይጀመራል። በልግ ከቀትር በኋላ መዝነብ ስለሚወድ፣ ጓዱና ዝናቡ መንገድ ላይ ካለችው ከሸኖ አለፍ ብሎ በትክክለኛው ሰዓት ይገናኛሉ። በዕለቱ የተከበረው ቀጠሮ ይህ ነው።

የተሳታፊዎች ምደባ

አጥኚው የጓዱን አባላት በአምስት ወገን ከፍሏቸዋል።

ትንበያ አንባቢው ስልኩ ላይ ሦስት መተግበሪያ ጭኗል። ሦስቱ ተስማምተው አያውቁም። እሱ ግን አድልዎ የለበትም፤ ምንጊዜም ፀሐይ ያሳየውን ያምናል።

ሰማይ አንባቢው በዕድሜ ገፋ ያለ፣ ገጠር ያደገ፣ “ጋሼ” እየተባለ የሚጠራ ሰው ነው። አንገቱን ቀና አድርጎ፣ ነፋሱን አዳምጦ፣ ደመናውን በዓይኑ ለክቶ “ያልፋል” ይላል። በዚህ ፍርዱ ተሳስቶ አያውቅም። ያላለፈ ዝናብ የለምና።

ልብሰ ሙሉው ውኃ የማያስገባ ጃኬት፣ ውኃ የማያስገባ ሱሪ፣ ውኃ የማያስገባ ቦት ጫማ አለው። የከፈለውን ገንዘብ የሚያጸድቅለት ዝናብ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ፀሐይ ስትወጣ ያዝናል። ሐዘኑን ለወዳጆቹ ሲል ይደብቃል።

ፌስታለኛው 125 ሲሲ ሞተሩን ይዞ፣ ጋቢ ከጃኬቱ ሥር አጣጥፎ፣ ኪሱ ውስጥ ጥቂት ፌስታሎች ሸጉጦ ይመጣል። በመነሻው ላይ ይሳቅበታል።

አምስተኛዋ እህታችን ናት። በጓዱ ውስጥ ብቸኛዋ ሴት ስለሆነች ወንዶቹ ሁሉ “ደከመኝ፣ እንመለስ” እንድትል በታላቅ ጉጉት ይጠብቃሉ፤ ባለችላቸው ሁሉም ለእሷ ብለው በክብር ይመለሳሉ። እሷ ይህን አሳምራ ስለምታውቅ አትልም።

የሰልፉ ፊዚክስ

ሞተረኞች በቡድን ሲሄዱ ጎን ለጎን አይነዱም፤ አንዱ የመስመሩን ግራ፣ ቀጣዩ ቀኙን ይዞ በሰያፍ ይከተላል። ሰማንያ ኪሎ ሜትር በሰዓት ማለት በአንድ ሰከንድ 22 ሜትር ነው። እያንዳንዱ በሰያፍ ከሚቀድመው የአንድ ሰከንድ ርቀት ቢጠብቅ፣ አሥራ ሁለት ሞተር 242 ሜትር ይረዝማል። ሲዘንብ ርቀቱን እጥፍ ማድረግ ያስፈልጋል፤ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች፣ በጋውን ሙሉ አስፋልት ላይ የተኛው አቧራና የመኪና ዘይት ከውኃው ጋር ተቀላቅሎ መንገዱን ሲያሙለጨልጨው። ያኔ ሰልፉ ግማሽ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል።

የበልግ ደመና አንዳንዴ ከዚህ ያነሰ ነው። መሪው በዶፍ ውስጥ ሲነዳ የመጨረሻው ሰው የፀሐይ መነጽር አድርጎ ያዜማል። መሪው አይቆምም፤ ቢቆም “ዝናብ የፈራ መሪ” እባላለሁ ብሎ ይሰጋል። የኋለኛው አይቆምም፤ መሪው አልቆመምና። መካከል ያሉት አይቆሙም፤ የፊቱም የኋላውም አልቆሙምና። አካላዊው ሕግ እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦ በጉዞ ላይ ያለ ጓድ፣ ይሉኝታ የሌለው ኃይል ካላስቆመው በስተቀር ጉዞውን ይቀጥላል። እንዲህ ያለው ኃይል በሰልፉ ውስጥ አንድ ብቻ ተገኝቷል። ከፍታው ሲጨምር አየሩ ይሳሳል፤ ካርቡሬተሩ ግን ቤንዚኑን በአዲስ አበባ ልክ ማፍሰሱን አይተውም፤ የፌስታለኛው ሞተርም ዳገቱ መካከል ሁለት ጊዜ ያስልና ጸጥ ይላል። “አልቻልኩም” ብሎ በግልጽ የተናገረ አባል ይኸው ሞተር ነው።

የዝናብ ልብስ ሕግ

ሞተሩ ስለቆመ ሁሉም ይቆማል። የዝናብ ልብስ የሚወጣው ያኔ ነው። ሕጉ ሁለት አንቀጽ አለው። ልብሱ ሰው ሳይበሰብስ ከተለበሰ ፀሐይ ትወጣለች። ከበሰበሰ በኋላ ከተለበሰ ደግሞ የገባውን ውኃ እንዳይወጣ በታማኝነት ይጠብቃል።

ሱሪውን ማጥለቅ ራሱን የቻለ የምርምር ዘርፍ ነው። ሰውየው በአንድ እግሩ ይቆማል፣ የጎረቤቱን ትከሻ ይይዛል፣ የረጠበው ቦት ጫማ ሱሪው ውስጥ ተረከዙ ላይ ይቀረቀራል፤ በዚህ መካከል አንድ ሲኖትራክ አልፎ የጭቃ ውኃ ያከፋፍላል። ፌስታለኛው ግን ጫማው ላይ ፌስታል አጥልቆ እግሩን በአንድ ትንፋሽ ያሾልካል። ከዚያ ሌላ ፌስታል ከጓንቱ ሥር ያደርጋል። ልብሰ ሙሉው ወደ እሱ ጠጋ ብሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ “ወንድሜ፣ ትርፍ ይኖርሃል?” ይላል። በመነሻው ላይ የተሳቀው ሳቅ በዚህ ቦታ እንደተመለሰ ይቆጠራል።

ደብረ ብርሃን

ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ከሰማይ የወረደ ብርሃን ታይቶ ከተማቸውን በዚህ ቦታ እንደቆረቆሩ ይነገራል። ስሟም ከዚያ የመጣ ነው። በዚህ መስመር ላይ አንድ ሰው ሰማዩን አይቶ ቁርጥ ያለ ውሳኔ የወሰነበት የመጨረሻው አጋጣሚ ይህ ሳይሆን አይቀርም። ከተማዋ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ጠባይዋን ለማወቅ የቴርሞሜትር ንባብ አያስፈልግም፤ የብርድ ልብስ ፋብሪካ የተተከለባት መሆኗ ይበቃል።

ምሳው፣ ጾም ከሆነ በየዓይነቱ፣ ከፋሲካ ወዲህ ከሆነ ጥብስ ነው። ቀኑን የሚወስነው ውይይት የሚካሄደው እጅ ከታጠበ በኋላ ነው። በመስኮት ሲታይ ወደ ጣርማ በር ያለው ሰማይ ጠቁሯል።

“እንዴት ነው፣ እንቀጥል?”

“ለኔ ምንም ችግር የለውም። እናንተ እንዳላችሁ።”

“ጋሼ ይወስኑ።”

“እኔ ከልጆቹ አልለይም።”

“ምናልባት እሷ ከደከማት…”

“ማን? እኔ? እኔ ምንም አልሆንኩም!”

“እንግዲያው እንሂዳ።”

“እንሂድ” ያለው ማን እንደሆነ አጥኚው በቦታው እያለ እንኳ ሊለይ አልቻለም።

ንድፈ ሐሳባዊ ማዕቀፍ

አሜሪካዊው የሥራ አመራር ምሁር ጄሪ ሃርቪ እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተሙት ጽሑፍ ተመሳሳይ ክስተት መዝግበዋል። በቴክሳስ፣ 40 ዲግሪ በሚደርስ ሙቀት፣ አራት ሰው ያለበት የሃርቪ ቤተሰብ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ዶሚኖ ይጫወታል። አማትየው “አቢሊን ሄደን እራት ብንበላስ?” ይላሉ። አንዱ ለሌላው ሲል እሺ ይላል። ማቀዝቀዣ በሌለው መኪና 85 ኪሎ ሜትር ሄደው፣ የማይረባ ምግብ በልተው፣ ያንኑ ያህል ተመልሰው ቤት ሲገቡ፣ ከአራቱ አንዱም መሄድ እንዳልፈለገ ይታወቃል፤ ሐሳቡን ያነሡት አማት ጭምር።

የአቢሊኑ ጉዞ ከእኛው በሁለት ነገር ይለያል። መኪናው ጣሪያ ነበረው። ቤት ሲገቡ ደግሞ እውነቱን ተነጋገሩ። ሁለተኛው በእኛ ዘንድ ገና አልተሞከረም።

ጣርማ በር

የአየሩ ሙቀት በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ስለሚቀንስ፣ ከመገናኛ ጣርማ በር ያለው ልዩነት አምስት ዲግሪ ገደማ ነው። ይህ ቁጥር የሚሠራው ግን ለደረቅና ለቆመ ሰው ነው። በስብሶ በሰማንያ ኪሎ ሜትር ለሚነዳ ሰው ነፋሱ የራሱን ቅናሽ ይጨምርበታል። ጣቶች ይደነዝዛሉ፤ ፍሬንና ፍሪሲዮን የሚይዙት ደግሞ እነዚሁ ጣቶች ናቸው። ቀልድ የማይፈቀድበት ቦታ ቢኖር ይህ ነው፤ ስለዚህም ነው በዚህ ቦታ ቀልድ የሚበዛው።

በጣልያን ዘመን የተፈለፈለው የጣርማ በር ዋሻ ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል። ከማዶው ተራራው ቁልቁል ወደ ቆላ ይወርዳል፤ ከታች የሚወጣው ሞቃት አየር ገደሉን ተከትሎ ሲንር ይቀዘቅዝና ጉም ይሆናል። ስለዚህ አንድ ሰው በካፊያ ገብቶ በጉም ሊወጣ ይችላል። ሰማዩ ጠርቶ ቢሆን ከዚህ የሚታየው የገደል አፋፍ ዝናው የታወቀ ነው። ጓዱ ያየው ጉም ነው። ጉሙን ከኋላ አድርጎ ፎቶ ይነሣል። በፎቶው ላይ ሁሉም ይስቃል፤ ጥርሳቸው በብርድ ሲንገጫገጭ ካሜራው ሳቅ አድርጎ ይመዘግበዋል። ምስሉም ለሚቀጥለው ጉዞ ግንባር ቀደም ማስረጃ ሆኖ ይቀርባል።

ግኝት

ከጉዞው በኋላ እያንዳንዱ ተሳታፊ ሌላው በሌለበት “ለምን አልተመለስክም?” ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ አንድ ነው፦ “እኔማ መመለስ ፈልጌ ነበር፤ ለነሱ ስል ነው እንጂ።” አሥራ ሁለቱም የበሰበሱት ለቀሩት አሥራ አንድ ሲሉ ነው ማለት ነው። አሥራ ሁለት በአሥራ አንድ ሲባዛ 132 ይሆናል። በአንድ ቀን 132 ውለታ ተውሏል፤ ውለታውን የተቀበለ ሰው ግን አልተገኘም።

ምክረ ሐሳብ

አጥኚው ከመነሻው በፊት ዕጣ እንዲጣል ይመክራል። ዕጣው የደረሰው ሰው የዕለቱ “እንመለስ ባይ” ይሆናል፤ ደመናው ሲጠቁር ቃሉን ይናገራል፤ ቃሉ የእሱ ሳይሆን የዕጣው ስለሆነ ማንም ሊቀየመው አይችልም፤ ምሳውም በነፃ ነው። ሐሳቡ ለጓዱ ቀርቦ በአንድ ድምፅ ጸድቋል። ትንበያ አንባቢው አመስግኗል፤ ሰማይ አንባቢው “ድሮም የጎደለን ይኼ ነበር” ብሏል።

በሚቀጥለው ጉዞ ዕጣው ለልብሰ ሙሉው ደረሰ። ሸኖ ላይ ሰማዩ ጠቆረ፤ ጓዱ ዳር ይዞ ቆመ፤ አሥራ አንድ ሄልሜት ወደ እሱ ዞረ። እሱም ጉሮሮውን ጠረገና “በሕጉ መሠረት እንመለስ ማለት ይጠበቅብኛል” አለ። “ግን ለኔ ብላችሁ እንዳይሆን።”

ጓዱ ወደ ጣርማ በር ቀጠለ።